ሙሽራው ያላወቀው ተአምር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ከብርሃነ ጥምቀቱና ከቃና ዘገሊላ በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ጥር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት አጅበን ስንመልስ የተሰበከው ወንጌል የታወቀው ነው፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 2። እውነቱን ልናገርና ሰባኪው የወይን ጠጅ ስላለቀበት የገሊላ ቃና ሠርግ ሲጀምሩ «ይቺንማ በቃሌ አውቃታለሁ» ብዬ ሐሳቤ ወደ ምሳ ሄዶ ነበር። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ግን ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ወንጌሉ የገባኝ እዚያ በር ላይ ነው።

አንዲት እናት ልጅ አዝለው ከአዳራሹ በር አጠገብ ቆመዋል። ሁለት አረጋውያንም አብረዋቸው አሉ። የሙሽሮቹ መኪና ሊደርስ ነው። ጥበቃው መጣና በዱላው ጫፍ ገፋ ገፋ እያደረገ ከአስፋልቱ ማዶ አሻገራቸው። «እባካችሁ፣ ቪዲዮ ውስጥ ትገባላችሁ» አላቸው። ክፉ ሰው አይመስልም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። እኔስ? እኔ ከረባቴን አስተካክዬ ገባሁ።

ውስጥ የሌለ ነገር አልነበረም። ማምሻውን አስተናጋጆቹ ብዙም ያልተነካ ምግብ ከየሳህኑ እየገለበጡ በጥቁር ፌስታል ሲያጭቁ አየሁ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ወጋችኝ። «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም።»

እስኪ እዚህች ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ።

ይህን የተናገረችው እመቤታችን ናት። ማን ነገራት? ማንም። ሙሽራው መጥቶ «ጉድ ሆንኩልሽ» ሲላት አናነብም። ሌላው ታዳሚ የራሱን ዋንጫ ሲያይ እሷ ጓዳውን አየች። ሳትጠየቅ አየች። ደግሞ «እኮ» የምትለዋን ልብ በሉ። እኛ «እኮ» የምንለው ነገሩ ሆዳችንን ሲበላው ነው። «ልጁ እኮ አልበላም» ትላለች እናት። ወሬ ለማቀበል አይደለም፤ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው። የዚያ ቤት ጉድለት የሷ ጉድለት ሆነባት።

ለማን ነገረች? ይህኛው ይበልጥ ይገርመኛል። አጠገቧ ለተቀመጡት ሴቶች አልነገረችም። እኛ ብንሆን «ሰማሽ? ጠጁ አለቀ አሉ!» ብለን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እናዞረው ነበር። የደገሰ ሰው ያውቀዋል። ስንት የተለፋበት ድግስ «ጠላው አነሰ» በምትል አንዲት ቃል ዕድሜ ልኩን ሲታማ ይኖራል። ያኔ ደግሞ ሠርጉ ሰባት ቀን የሚዘልቅ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት የሶምሶን ሠርግ ሰባት ቀን እንደነበር እናነባለን። የዚያ ሙሽራ ገመና ሊገለጥ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። እሷ ግን ገመናውን መሸፈን ወደሚችለው፣ ወደ ልጇ ወሰደችው።

አንድ ነገር ልበልና እንለፍ። ይህን ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንመዘው ለክርክር ነው። አማላጅነቷን ለማስረዳት ጠቅሰን፣ ረትተን፣ ደስ ብሎን እንገባለን። አማላጅነቷማ እውነት ነው፤ እኔም የማምነው ነው። ግን ስለ አማላጅነቷ የተከራከርነውን ያህል ዓይኗን አልወረስንም። ጓዳ አናይም።

አሁን ወደ ጌታ እንምጣ። ስድስት የድንጋይ ጋኖች አሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይይዛሉ ይላል። በዛሬ ልኬት ሁሉም ተደምረው ከ450 ሊትር በላይ ነው። «ጋኖቹን ውኃ ሙሉአቸው» አለ። ያኔ ቧንቧ የለም። አገልጋዮቹ ያን ሁሉ ውኃ ቀድተው፣ ተሸክመው ነው የሞሉት። «እስከ አፋቸውም ሞሉአቸው» ይላል። ጠጅ ለጠፋበት ቤት ውኃ ማመላለስ ሞኝነት አይመስልም? አልጠየቁም። እናቱ «የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ» ብላቸዋለች፤ አደረጉ።

ከዚያ የድግሱ አሳዳሪ ቀመሰና ማንን ጠራ? ሙሽራውን። «አንተስ መልካሙን የወይን ጠጅ እስከ አሁን አቆይተሃል» አለው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ነው እኔ የተሸነፍኩት። የመጀመሪያው ተአምር ነው። ውኃውን ጠጅ ያደረገው ጌታ ነው። የተመሰገነው ግን ሙሽራው ነው! ሙሽራው እኮ ጠጁ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አይመስልም። ወንጌሉ ያውቁ ነበር የሚለው ውኃውን የቀዱትን አገልጋዮች ነው። ጌታ ተነሥቶ «ቆይ፣ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» አላለም። ሰውዬውን ባዳነው ነገር መልሶ አላሳፈረውም። በሰው ድግስ ላይ ሰውዬውን አስከብሮ እሱ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ደቀ መዛሙርቱ ግን ክብሩን አይተው አመኑበት።

የኛን ስጦታ ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት።

አምስት ኪሎ ዱቄት እንሰጣለን፤ ሦስት ስልክ ይቀርጻል። እናትየዋ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው መሬት መሬት ያያሉ። «ይናገሩ እንጂ እማማ፣ ምን ተሰማዎት?» እንላቸዋለን። ምን እንዲሰማቸው ነው? በልተው ያድራሉ፣ ግን ልጃቸው ነገ ትምህርት ቤት «እናትህን ቲክቶክ ላይ አየኋት» ይባላል። ለቤተ ክርስቲያን ስንሰጥም እንዲሁ ሆነናል። ስማችን በድምፅ ማጉያ ሳይነበብ ከቀረ እናኮርፋለን። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የተባለውን ግራችን ቀርቶ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው ክርስቶስን በመቅደስ በሐር እያከበራችሁ በደጅ ታርዞ በብርድ ሲቆራመድ አትለፉት ብሎ አስተምሯል። እኔ ያለፍኩት ከረባት አስሬ ነው።

ሠርጋችንም ቢሆን የብድር መዝገብ ሆኗል። እነ እገሌ ስንት አመጡ፣ እኛ ለነሱ ስንት ወስደን ነበር። መረዳዳቱን አልጠላም፤ ያቆየን ባህል ነው። ግን ጌታ በሉቃስ ምዕራፍ 14 ግብዣ ባደረግህ ጊዜ ድሆችን ጥራ ሲል «የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ» ብሎ ነው። ብድር የማይመልስ ሰው ከጥሪ ዝርዝራችን ላይ ስንት አለ? ደግሞ አንዳንዱ ድግስ የሚደገሰው አረብ አገር ሰው ቤት በምትሠራ እህት ላብ ነው። እሷ ሠርጉን የምታየው በስልክ ነው፣ ያውም እመቤቲቱ ከተኙ በኋላ። ለዲኮሩ የወጣው ብር የስንት ወር ደመወዟ እንደሆነ ያሰላንላት ስንቶቻችን ነን?

ኀዘኔ በዛ መሰለኝ። የሚያጽናናም አለ።

ቃና ዘገሊላ የሚከበረው በ12 ነው። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩን ተአምሩ የተደረገው የካቲት 23 ነው፤ የውኃውን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ለማዋል ብለው ወደ ጥር 12 አመጡት። ስለዚህ ከሚካኤል ወርኃዊ በዓል ጋር ተገጣጠመ። እኔ ደግሞ 12 ሲባል ትዝ የሚሉኝ ባልና ሚስት አሉ፤ የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ በሚነበብበት መጽሐፍ፣ በስንክሳር፣ በኅዳር 12 የምናገኛቸው ዱራታዎስና ቴዎብስታ። በየወሩ የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር ያደርጋሉ፣ ድሆችን ያበላሉ። ቸገራቸው። ያላቸው አለቀ። የቀረቻቸውን ልብስ ሸጠው ሊዘክሩ ተነሡ። መልአኩ በመንገድ ለባልየው ተገልጦ ልብሱን እንዳይሸጥ ነገረው። በጉንም፣ ዓሣውንም፣ ዱቄቱንም ዋጋው ኋላ እንዲከፈል አድርጎ እንዲወስድ አዘዘው፤ ዓሣውን ግን እኔ ሳልመጣ አትክፈት አለው። ዝክሩ ካለቀ በኋላ ከዓሣው ሆድ 300 ዲናር ወርቅ ወጣ። የበጉ፣ የዓሣውና የዱቄቱ ዕዳ ሳይቀር ተቆጥሮ አብሮ ነበር።

ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ዓሣው ላይ ይቀራል። ወርቁ ደስ ይላላ! እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለችውን ሌሊት ነው የማስባት። ባልና ሚስት ባዶ ቤት ቁጭ ብለው «ልብሳችንን እንሽጥ» ብለው የተስማሙባትን። አንዳቸው «አብደሃል? እኛው እርዳታ የሚያሻን!» ቢሉ ዝክሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ብዙ ቤት ምጽዋት የሚሞተው በገንዘብ እጥረት አይደለም፣ በስምምነት እጥረት ነው። እሷ ተደብቃ ትሰጣለች፣ እሱ ሲያውቅ ቤቱ ይታመሳል።

ስምምነትም ግን ስምምነት ስለሆነ ብቻ አይመሰገንም። በሐዋርያት ሥራ የምናነባቸው ሐናንያና ሰጲራም ባልና ሚስት ነበሩ። እነሱም ተስማምተው ነበር፤ ከሸጡት መሬት ዋጋ አስቀርተው ሙሉውን የሰጡ ለመምሰል። ቅዱስ ጴጥሮስ ሚስቲቱን የጠየቃት «የጌታን መንፈስ ትፈታተኑ ዘንድ ስለ ምን ተስማማችሁ?» ብሎ ነው። ማታ ማታ የምንስማማው በምን ላይ ነው? ከጎረቤት ላለማነስ ከሆነ እኛም ከነሱ ብዙ አንርቅም።

አሁን ያገባችሁትን ብቻ ላናግር። ጠጅ ያላለቀበት ትዳር እስካሁን አላየሁም። በሁለት ዓመትም ይሁን በሃያ ያልቃል። ወሬው ያልቃል፣ ሳቁ ያልቃል። ያን ቀን ለማን ትነግራላችሁ? እሱ ለጓደኞቹ ቢራ ላይ ይነግራል፤ እሷ ለእህቷ በስልክ ትነግራለች። በሳምንቱ የቤቱ ገመና አደባባይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አስቀድማችሁ ወደ ጌታ ውሰዱት። ከዚያ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ይህን ስል ግን ዱላ ይሸፈን ማለቴ አይደለም። ይህ ይሰመርበት። የምትደበደብ እህቴ፣ «ገመና ሸፍኚ» የሚልሽ ካለ ቃና ዘገሊላን አላነበበም። እመቤታችን ጉድለቱን ተናግራለች እንጂ አልደበቀችም። ተናገሪ፤ ለካህንም፣ ለሽማግሌም፣ ለሕግም። አንተም ወንድሜ፣ «ክርስቶስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት ሚስቶቻችሁን ውደዱ» ነው የተባልከው። እንዴት ወደዳት? ራሱን ሰጥቶ። ሚስትህ ላይ እጅህን አንሥተህ ቅዳሴ ብታስቀድስ ምን ይረባሃል?

ለደከማችሁት ደግሞ ይህን ልበል። አገልጋዮቹ ጠጅ አልነበራቸውም፤ ውኃ ነበራቸው። ፍቅሩ ካለቀባችሁ ያላችሁን ውኃ ቅዱ። አምሽቶ ለሚመጣው ራት ማቆየት ውኃ ነው። «ደክሞሻል፣ ልጆቹን እኔ ላስተኛ» ማለት ውኃ ነው። ጣዕም የለውም፣ ማንም አያጨበጭብለትም። እስከ አፉ ሙሉት። ጠጅ ማድረጉ የናንተ ሥራ አይደለም።

በአንድ በዓል ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሳይሆን በሰማኒያ ውል ተጋብተው ልጅ አሳድገው፣ የልጅ ልጅ ያዩ ባልና ሚስት ናቸው። ነጭ ለብሰው፣ አረጋዊው ምርኩዝ ይዘው፣ እሳቸውን ደግሞ ባለቤታቸው በክንዳቸው ደግፈው አብረው ቆረቡ። ሲመለሱ አረጋዊው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ባለቤታቸው ቀስ ብለው «አይዞህ» አሉ። ወጣቶች፣ እስከዚያ ድረስ ቆዩ ማለቴ አይደለም፤ በጊዜ በቤተ ክርስቲያን፣ በተክሊል ብትጀምሩት የተሻለው እሱ ነው። ግን ያን ቀን በልቤ «መልካሙን የወይን ጠጅ እስከ አሁን አቆይተሃል» ስል ነበር።

ዐቢይ ጾም እስኪገባ ገና ብዙ ሠርግ አለ። የምትደግሱ ሰዎች፣ አንድ ረድፍ ወንበር ለማይመልሱት አስቀሩ። እዚያ ረድፍ ላይ ካሜራ እንዳይዞር ለቪዲዮ ቀራጩ ንገሩት። በር ላይ የሚቆመውንም ጥበቃ ከጠዋቱ ጠርታችሁ አነጋግሩት፤ ዱላውን ያስቀምጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።