«ዓሣ በልተን ብቅ እንላለን»፦ ስለ ዝዋይ ደሴቶች የሚባለውና እውነታው

ፒያሳም ተቀመጡ ካዛንቺስ፣ ማኪያቶ ተይዞ የቅዳሜና እሑድ ጉዞ ሲመከር «ደሴት» ያለ ሰው ካለ ወሬው ቀጥታ ጣና ላይ ያርፋል። የአውሮፕላን ቲኬት ይሰላል፣ የዓመት ፈቃድ ይቆጠራል፣ መጨረሻ ላይ «በቃ ለገና ይሁን» ተብሎ ይበተናል። ከመስቀል አደባባይ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አምስት ደሴት የያዘ ሐይቅ አለ ሲባሉ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ዝዋይ? እሱማ ዓሣ በልተን እናውቃለን።» ይህ መልስ ያሰለቻል። የባሰው ደግሞ ብቻውን አለመምጣቱ ነው፤ ከኋላው ብዙ ስሕተት አስከትሎ ይመጣል።

«ዝዋይ አሁን ባቱ ሆኗል።» ባቱ የሆነው ከተማው ነው። ሐይቁ በአማርኛ ዝዋይ፣ በኦሮምኛ ደንበል ነው። ሚኒባስ ስትፈልጉ ባቱ በሉ፤ ካርታ ላይ በሦስቱም ስም ሞክሩ።

«ደሴት የሚሉት ጥቂት ድንጋይ ነው።» ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ስሙ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ሲሆን በእርግጥም ተራራ ነው። ከጀልባ ተወርዶ ሽቅብ ይወጣል፤ በነጠላ ጫማ የመጣ ሰው መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል።

«ዝዋይ ገዳም ሄጃለሁ፣ አይቼዋለሁ።» ብዙ ጊዜ ይህን የሚለው ሰው የሄደው ወደ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ነው። ካህናትና ሰባክያን የሚሠለጥኑበት፣ አቡነ ጎርጎርዮስ የደከሙበት የተከበረ ቦታ ነው፤ ግን ያለው የብስ ላይ ነው። የደሴቱ ገዳም ሌላ ነው፤ ቱሉ ጉዶ ላይ ያለችው ደብረ ጽዮን ማርያም። ጀልባ ውስጥ ካልገባችሁ አላያችሁትም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «መጀመሪያ ምሳ እንብላ፣ ከዚያ ጀልባ ይዘን ብቅ እንላለን። ሐይቁ ጥልቀት የለው፣ ምን ያሰጋል?» እዚህ አባባል ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ፤ አንዱ ሌላውን ይወልደዋል።

ጥልቀት የለውም የተባለው እውነት ነው። ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሐይቅ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ፣ ጥልቅ የሚባለውም 9 ሜትር ገደማ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ሰፊና ጥልቀት የለሽ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ረጅምና ለስላሳ አይሆንም፤ አጭር፣ ቀጥ ያለና የተደጋገመ ይሆናል። ጀልባዋ አንዱን ሳትወጣ ሁለተኛው ይመታታል፤ የጀልባው ጎን ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ይረጫል። ነፋሱ ደግሞ በአብዛኛው ጠዋት ተኝቶ ከቀትር በኋላ ነው የሚነሣው። «ከምሳ በኋላ» የተባለው ሰዓት፣ ልምድ ያለው ጀልባ ነጂ ሊመለስ የሚቸኩልበት ሰዓት ነው። ጥልቀት የለውም ማለት ተቁሞ ይወጣል ማለትም አይደለም፤ 2.5 ሜትር ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ከሥሩም ጭቃ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ። በአዳማው ፈጣን መንገድ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በአዲሱ ፈጣን መንገድ እስከ ባቱ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ሐይቁ ዳር ናችሁ። ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ፣ እንደ ሞተሩ ጉልበትና እንደ ጭነቱ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። 4 ሰዓት ላይ ደሴቱን ረግጣችሁ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ለመመለስ ጀልባ ውስጥ ግቡ። በአንድ ቀን «አምስቱንም እናዳርሳለን» የሚል ካለ አትስሙት፤ ቱሉ ጉዶን ከመረጣችሁ እሱን ብቻ ያዙ። ጊዜ ካጠረ ለከተማው የሚቀርቡትን ትንንሾቹን ጠይቁ።

ዋጋ ስትነጋገሩ በሰው ሳይሆን በጀልባ ተነጋገሩ። ሦስት ነገር ገና የብስ ላይ ሳላችሁ ይለይ፦ የትኛው ደሴት፣ ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ ነዳጁ የማን ነው። ጭቅጭቅ ሁሉ ከሦስቱ ካንዱ ነው የሚነሣው። ትርፍ ጀሪካን ነዳጅና መቅዘፊያ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ዳር ዳሩን ያለው ሣርና ተንሳፋፊ አረም ሞተሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንሥቶ፣ በእጁ ሲመነጭር ብታዩ አትደንግጡ፣ ሥራው ነው። መቅዘፊያ የሌለው ጀልባ ግን ያን ጊዜ ነፋስ ወደ ወሰደው ነው የሚሄደው።

የሕይወት አድን ጃኬቱን «ይኸው አለ» ሲሏችሁ ትራስ አድርጋችሁ እንዳትቀመጡበት። ልበሱት፣ ማሰሪያውን ሁሉ ቆልፉ፣ ከዚያ ጓደኛችሁ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጫችሁን አልፎ ከወጣ ሰፍቷችኋል፤ ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ እናንተ ትሰምጣላችሁ። ለልጆች የአዋቂ ጃኬት ማልበስ ከንቱ ነው። ጉማሬ ሲታይም ሁሉም ለፎቶ ባንድ ጎን አይነሣ፤ ጀልባ የምትዘመው እንደዚያ ነው። ደግሞ ጉማሬው ከሩቅ ይታይ። በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባ ጀልባ መሸሻውን ዘግቶበታል።

«ታቦተ ጽዮንን ያሳያሉ።» ማንም አያሳይም፣ እዚያም አለ የሚል የለም። ትውፊቱ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናቱ ታቦቷን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው እዚህ እንደተጠለሉ፣ ሰላም ሲሆንም ታቦቷ እንደተመለሰች ነው። የሚታየው ቤተ ክርስቲያኑና የብራና መጻሕፍቱ ናቸው፤ ለዚያም ቁልፍ የያዘው አባት መገኘት አለበት። ደርሶ በር ማንኳኳት አያዋጣም። በጀልባ ነጂው በኩል ከአንድ ቀን በፊት አስደውሉ። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይያዛል፤ ብራና ላይ ብልጭ የሚል ካሜራ አይነሣም። ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም በዓል ነውና በዚያ ሰሞን ለመሄድ ያሰበ ጀልባውን ቀደም ብሎ ይያዝ።

«ዛይ ጉራጌኛ ነው፣ ወይ ኦሮምኛ ነው።» ሁለቱም አይደለም። ዛይ፣ የደሴቶቹ ሕዝብም ቋንቋውም የሚጠሩበት ስም፣ ከስልጤኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺዎች ናቸው። ብዙዎቹ ኦሮምኛና አማርኛ አክለው ይናገራሉ፤ ጎብኚውም ለዚህ ነው ቋንቋው ሳይሰማው የሚመለሰው። ቆም ብሎ እርስ በርስ ሲያወሩ ማዳመጥ ነው። ሕዝቡን ለማየት ደሴት መሻገር ግድ ነው የሚለውም ልክ አይደለም፤ ዛሬ አብዛኛው ዛይ የሚኖረው በሐይቁ ዳርቻና በአካባቢው ከተሞች ነው። ደሴቱ ላይ ግን ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ደግፈው ያረሱትን፣ ከደንገል የሚታሰረውንም ታንኳ ልብ ብላችሁ እዩ።

«ውሃው ይማርካል፣ ትንሽ እንዋኝ።» ተዉት። ዝዋይ ላይ ቢልሃርዚያ የሚባለው በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ አለ። ትሉን የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ልክ እናንተ እግራችሁን በምትነክሩበት፣ ሣር ባለበት ዳርቻ ነው። ከጀልባ ስትወርዱ ድንጋይ ወይም መውረጃ ላይ እንዲያስጠጋ ጠይቁ። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰገራውን ይመርመር፤ ከተገኘበት መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። በማግስቱ ተመርምሮ «ነፃ ነኝ» ማለት ትርጉም የለውም፤ ትሉ ገና እንቁላል አልጣለም።

ጣናም ከስሕተት አላመለጠም። ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ከየብስ የተያያዘ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ገዳማቱ ሁሉ ሴት አያስገቡም የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስና ክብራን ገብርኤል ለወንድ ብቻ ናቸው፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ግን ሴትም ይገባል። የመንገዱን ፀጥታ ከመነሣት በፊት አጣሩ።

ዓሣውስ? «የዝዋይ ዓሣ ሁሉ ቆሮሶ ነው» የሚል አለ። አምባዛም አለ፣ ካርፕም አለ። ካርፕ ሥጋው መሐል ሹካ የመሰለ ቀጭን አጥንት አለውና ለልጅ አታዝዙ። ጥሬ ገዝታችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትወስዱ ከሆነ ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ፤ ቀይ ይሁን፣ ዓይኑም ያልጎደጎደ። ሆድ ዕቃው እዚያው ይውጣ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው የሚጠብቁት እሱን ነው። ዓሣው በበረዶ ይታሸግ፤ በፌስታል ጠቅልሎ መኪናው ኋላ የወረወረ ሰው ሞጆ ሳይደርስ መስኮት ይከፍታል።