የኤድስ መታሰቢያ ኩዊልት

የኤድስ መታሰቢያ ኩዊልት በኤድስ የሞቱ ሰዎችን ለማስታወስ ወዳጅ ዘመዶቻቸው የሰፏቸው ጨርቆች ተገጣጥመው የቆመ፣ እስከ ዛሬ አዳዲስ ጨርቅ የሚጨመርበት መታሰቢያ ነው። ወደ 50,000 ጨርቆችና 110,000 ገደማ ስሞች ያሉት ሲሆን ክብደቱ 54 ቶን ይገመታል። የሚጠብቀው ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ብሔራዊ የኤድስ መታሰቢያ ነው።

ሐሳቡን ያመነጨው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን መብት ትግል ሲያደራጅ የኖረው ክሊቭ ጆንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ለተገደሉት የከተማው ሹማምንት ለሃርቪ ሚልክና ለከንቲባ ጆርጅ ሞስኮኒ በተደረገው ዓመታዊ የሻማ ሰልፍ፣ ተሰላፊዎች በኤድስ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም በካርቶን ጽፈው የፌዴራል ሕንፃ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ግድግዳው ለጆንስ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ብርድ ልብስ፣ ማለትም ኩዊልት፣ መሰለው። በ1987 ሥራው ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 11 ዋሽንግተን ላይ 1,920 ጨርቆች ተዘረጉ።

አንድ ጨርቅ 3 በ6 ጫማ (91 በ183 ሴ.ሜ.) ነው፤ የአንድ መቃብር ስፋት ያህል። መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ የማይሳብ ጨርቅ ይመረጣል፤ ሸራ ወይም ፖፕሊን ይሆናል። ለጠርዝ እጥፋት በየጎኑ ከ5 እስከ 7 ሴ.ሜ. ትርፍ ይተዋል። ፊደሉን በማጣበቂያ መለጠፍ ይቀላል፤ ግን ማጣበቂያ ዓመታት ሲያልፉበት ይለቃል፣ ወፍራም ቀለምም ጨርቁ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መስፋት ይሻላል። ስለታም ጌጥና መስታወት ደግሞ የጎረቤቱን ጨርቅ ይቀድዳል። ከጨርቁ ጋር ስለ ሟቹ የሚናገር ደብዳቤ ይላካል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤተሰብ ስሙ እንዲታወቅ ስላልፈለገ የመጀመሪያ ስም ወይም ቅጽል ስም ብቻ የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው።

ስምንት ጨርቆች ሲገጣጠሙ 12 በ12 ጫማ የሆነ አንድ ካሬ ይወጣቸዋል፤ ጠርዙ በሸራ ይታጠርና የብረት ቀለበት ይመታበታል። ይህ የመጠን ግትርነት ለቅሶተኛን ያስቸግር ይሆናል፣ ነገር ግን ኩዊልቱ በየከተማው መዞርና መዋስ የቻለው በእሱ ነው። በዝርጋታው ሥነ ሥርዓት ነጭ የለበሱ ስምንት ሰዎች የታጠፈውን ካሬ ይከባሉ፤ አራቱ የውስጡን እጥፋት፣ አራቱ የውጭውን ተራ በተራ ይስባሉ። ከዚያ ሁሉም አንሥተውት ትንሽ አዙረው በመተላለፊያ ሸራዎቹ መሀል ያሳርፉታል። ይህ ሲሆን ድምፅ ማጉያው የሟቾችን ስም ያነባል።

በ1988 ኩዊልቱ 20 የአሜሪካ ከተሞችን ሲዞር የተሰበሰበው ወደ 500,000 ዶላር ለኤድስ ሕሙማን አገልግሎት ለሚሰጡ ድርጅቶች ዋለ። በየከተማው አዳዲስ ጨርቆች ስለተጨመሩ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ዋሽንግተን ሲመለስ 8,288 ደርሶ ነበር። ሁሉም ግን አልተስማማም። ለኤድስ ሕሙማን የሚታገለው አክት አፕ የተባለው ቡድን አባላት ሐዘኑ ቁጣን እንዳያበርድ ይሰጉ ነበር፤ በዚያው ሰሞን፣ ኦክቶበር 11፣ ሜሪላንድ ያለውን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሕንፃ ከበው መድኃኒት ቶሎ እንዲፈቀድ ጠየቁ። ብዙ ሰው ሁለቱንም ቦታ ሄዷል ብሎ መገመት አይከብድም።

ሙሉው ኩዊልት ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ላይ የተዘረጋው በ1996 ነው። አሁን አንድ ሜዳ አይበቃውም፤ ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት ጥቂት ካሬዎችን በውሰት ይወስዳሉ።