ትንሽ አውሮፕላንና ብርድ፦ ስለ ሞተር ማሞቅ የሚባሉ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የፒስተን ሞተር ያለው ትንሽ አውሮፕላን ሌሊቱን ውርጭ ላይ አድሮም ጠዋት ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው መነሳቱ ነው። በብርድ የተጎዳ ሞተር ጉዳቱን የሚያሳየው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ነገሩን ከዚያ ጠዋት ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም። በአብራሪዎች ዘንድ እንደ እውነት የሚዘዋወሩ አባባሎችን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሞተሩ ከተነሳ ብርዱ አልጎዳውም»

መነሳቱ የሚያረጋግጠው ባትሪው ሞተሪኖውን ለማዞር መቻሉን፣ ካንዴላው እሳት መስጠቱንና ጥቂት ቤንዚን መትነኑን ብቻ ነው። ስለ ኩሽኔታዎቹ፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ ስለሚሸከሙት ክፍሎች፣ የሚነግረን ነገር የለም። የአብዛኞቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሞተር አካሉ አሉሚኒየም ሲሆን በውስጡ የሚዞረው ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚሰፋው፣ ሲቀዘቅዝም የሚኮማተረው ከብረት በእጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ በከባድ ብርድ የሞተሩ አካል ክራንክሻፍቱን ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ለዘይት የተተወው ክፍተት ይጠባል። በዚያው ሰዓት ዘይቱ ስለሚወፍር ወደ ጠበበው ክፍተት ቶሎ አይገባም። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ብረት ከብረት ይፋተጋል። በሲሊንደሩ በኩልም የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር የለም፦ ፒስተኑ ወዲያው ግሎ ይሰፋል፣ የብረቱ ሲሊንደር ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ግድግዳው ይቧጨራል።

አምራቾቹም ለዚህ ወሰን አስቀምጠዋል። ኮንቲኔንታል የተባለው ኩባንያ ሞተሩ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በባሰ ብርድ ለ2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሳይሞቅ እንዳይነሳ ይላል። ሌላው አምራች ላይካሚንግ ለአብዛኞቹ ሞተሮቹ ወሰኑን ከዜሮ በታች 12 ላይ ያደርገዋል። ቁጥሮቹ ግን ከእነሱ ወዲህ ምንም አይደርስም ማለት አይደሉም። ከዜሮ በታች 5 ላይም ክፍተቱ ጠቧል፣ ዘይቱም ወፍሯል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ውሃ በረዶ በሚሆንበት ጠዋት ሁሉ ሞተሩ ቢሞቅ ይሻላል።

«ለብርድ የሚሆን ዘይት ስለሞላሁ ማሞቅ አያስፈልገኝም»

መልቲግሬድ ዘይት፣ ማለትም ለብርድም ለሙቀትም እንዲሆን የተሠራው፣ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል፤ ለዚህ ጥቅሙ አይካድም። የጠበበውን ክፍተት ግን ሊያሰፋው አይችልም። የዘይት ግፊት ጠቋሚው ከፍ ማለቱም ማጽናኛ አይሆንም፦ ወፍራም ዘይት በጠባብ መንገድ ሲገፋ ግፊቱ ይጨምራል፣ ወደ ኩሽኔታው የሚደርሰው መጠን ግን ትንሽ ነው። ጭራሽ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ግፊት ካልታየ ሞተሩን ማጥፋትና ምክንያቱን መፈለግ ነው።

«ዘይቱን ካሞቅን ሌላው በራሱ ይሞቃል»

ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ማሞቂያ የገጠመ ጠንቃቃ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዘይት ቋቱ ላይ የሚለጠፈው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ይተንና ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ያገኘው ብረት ቀዝቃዛ ከሆነ፣ በድስት ክዳን ላይ እንደሚታየው ተመልሶ ውሃ ይሆናል። በአብዛኞቹ የላይካሚንግ ሞተሮች ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከክራንክሻፍቱ በላይ ስለሚገኝ ጠብታው የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ዝገቱ የካምሻፍቱን ገጽ ጥቃቅን ጉድጓድ ካበጀለት በኋላ የሚሽረው መድኃኒት የለም፤ ክፍሉ ይለወጣል።

መፍትሔው ሙቀቱን ለሁሉም ክፍል ማድረስ ነው። ሲሊንደሮቹም የሚሞቁበት መሣሪያ ይመረጣል፤ ኮፈኑ በወፍራም ልብስ ይሸፈናል፣ የአየር መግቢያዎቹ ይደፈናሉ፤ ከዚያ ከበረራው በፊት ለጥቂት ሰዓታት ይሞቃል። በትልቅ ቱቦ ሙቅ አየር ለ10 ደቂቃ ነፍቶ መነሳትም ያታልላል። የሲሊንደሩ ሙቀት ጠቋሚ ከፍ ይላል፣ መሃል ያለው ክራንክሻፍትና ታች ያለው ዘይት ግን እንደቀዘቀዙ ናቸው። በእሳት የሚሠራ ማሞቂያ ከሆነ ደግሞ ለአፍታም ያለ ጠባቂ አይተውም።

«ባልበርም በየሳምንቱ መሬት ላይ ማስነሳቱ ይጠቅመዋል»

ይጎዳዋል። 1 ኪሎ ቤንዚን ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ከ1 ኪሎ በላይ ውሃ ይሰጣል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የተወሰነው ግን በፒስተን ቀለበቶቹ አልፎ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ይህ ውሃ የሚወጣው ዘይቱ ወደ 80 ዲግሪ ደርሶ በዚያው ሲቆይ ነው፤ በብርድ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ደግሞ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በየሳምንቱ ውሃ እየጨመርንበት እንዘጋዋለን ማለት ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞርም ዘይቱን በደንብ አያዳርስም፤ ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው የማግኔቶው ሽቦ ችግር ካለበት ሞተሩ ድንገት ተነስቶ ሰው ሊገድል ይችላል።

«ነፋሱ ሞተሩን ከአየሩ በታች ያቀዘቅዘዋል»

ነፋስ ሙቀትን ቶሎ ይወስዳል እንጂ ብረቱን ከአካባቢው አየር በታች አያወርድም። ብዙ የሚያሳስተው ተቃራኒው ነው፦ እኩለ ቀን ላይ አየሩ ሲለዝብ ሞተሩም የለዘበ ይመስላል፤ ያ ሁሉ ብረት ግን የሌሊቱን ብርድ ለሰዓታት ይዞ ይቆያል።

«አልነሳ ካለ ነዳጅ ጨምርበት»

በብርድ ቤንዚን በደንብ አይተንም፤ የተጨመረው በፈሳሽነቱ ይቀርና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል። የተረፈው ወደ ታች ፈስሶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሞተሩ አንድ ሁለቴ ሞክሮ ዝም ካለ፣ ከዚያች አጭር ቃጠሎ የወጣው እንፋሎት በካንዴላዎቹ ጫፍ ላይ በረዶ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማዞር ባትሪውን መጨረስ ብቻ ነው፤ ሞተሩ መሞቅ አለበት።

«አንዴ ከበረረ ብርድ አይነካውም»

መሬት ላይ ለዘብ ባለ ቀን ከፍታው ላይ የበረዶ ብርድ ሊኖር ይችላል፤ በየ1,000 ጫማው ሙቀቱ በአማካይ በ2 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ዘይቱ ከልክ በላይ ከቀዘቀዘ ውሃው ሳይወጣ ይቀራል። ለዚህ ነው አምራቾች የአየር መግቢያን የሚያጠብ የብርድ ወቅት ሽፋን የሚሠሩት፤ አየሩ ሲሞቅ ግን ሽፋኑ ካልተወገደ ሞተሩን ከልክ በላይ ያግለዋል።

ከበረራ በፊት ሊታይ የሚገባው ሌላው የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው እርጥበት በቱቦው ጫፍ ላይ በረዶ ሆኖ ሊደፍነው ይችላል፤ ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊትም የፊተኛውን ዘይት ማገጃ ጎማ ገፍቶ ዘይቱን ያፈሰዋል። ብዙ አውሮፕላኖች ላይ ለዚሁ ሲባል ከጫፉ ከፍ ብሎ፣ ሙቀት ባለበት በኮፈኑ ውስጥ፣ ሁለተኛ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው አለመደፈኑን፣ ቱቦው ሲለወጥም ሳይበሳ አለመገጠሙን ማየት ያስፈልጋል።