የቤት ዋይፋይ፦ ኮምፒውተሮችን ያለ ገመድ ማገናኘት እኛ ሀገር

የቤት ዋይፋይ ማለት አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች፣ ስልኮች፣ ቲቪና ፕሪንተር ያለ ገመድ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ትንሽ ኔትወርክ ነው። እኛ ጋ "ዋይፋይ" ሲባል ሰው ወዲያው የሚመጣለት ኢንተርኔት ነው፣ "ዋይፋይ ጠፋ" ሲልም ኢንተርኔት ጠፋ ማለቱ ነው፣ ግን ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ከውሃ ጋር ብታስተያዩት ይገባችኋል፣ ኢንተርኔቱ ከመንገድ የሚመጣው መስመር ነው፣ ዋይፋዩ ደሞ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የራሳችሁ ቧንቧ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ሲሄድ ሮቶ ያለው ሰው ሻወር ይወስድ የለ፣ የቤት ኔትወርክም እንደዛው ከውጭ ምንም ባይገባም ውስጥ ለውስጥ ይሰራል። ለዓመታት ሰው ቤት እየሄድኩ ኮምፒውተር ስጠግን በብዛት የሚያጋጥመኝ ችግር የሚነሳው ይሄ ስለማይለይ ነው፣ አብዛኛው እዚህ ያሰፈርኩትም ከዛ ስራ የወጣ ነው።

አመጣጡ

እ.ኤ.አ በ1985 አሜሪካ 2.4 ጊጋኸርዝን ጨምሮ የተወሰኑ የሬዲዮ ሞገዶችን ያለ ፈቃድ መጠቀም እንዲቻል ከፈተች፣ በ1997 የመጀመሪያው 802.11 የተባለው ስታንዳርድ ወጣ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ነበር። በ1999 "ቢ" የተባለው ቅጂ 11 ሜጋቢት፣ በ2003 "ጂ" 54 ሜጋቢት እያለ ቀጠለ፣ በ2009 "ኤን"፣ በ2013 "ኤሲ"፣ በ2021 ደሞ ዋይፋይ 6 የሚባለው "ኤኤክስ" ጸደቀ። እኛ ሀገር ዛሬም ብዙ ቤት ያለው ራውተር፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚረጨው ሳጥን፣ "ኤን" ነው፣ ለአንድ ቤተሰብ በቂ ነው።

የዋይፋይ አባት ማነው የሚለው ያከራክራል። ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሆላንዳዊው ቪክ ሄይስ ነው፣ ስታንዳርዱን ያወጣውን ኮሚቴ የመራ ሰው ነው። አውስትራሊያውያን ደሞ የኛ ነው ይላሉ፣ ሲኤስአይአርኦ የሚባለው የመንግስት የምርምር ተቋማቸው እነ ጆን ኦሱሊቫን በሰሩት ስራ ፓተንት ይዞ ትልልቅ ኩባንያዎችን ከሶ ገንዘብ አስከፍሏል። እኔ ሁለቱም ድርሻ አላቸው ባይ ነኝ። "ዋይፋይ" የሚለው ስም ግን የምንም ምህጻረ ቃል አይደለም፣ የንግድ ስም የሚያወጣ ድርጅት ያወጣው ስም ነው፣ ይሄ አያከራክርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ

ስልክ እ.ኤ.አ በ1894 በአጼ ምኒልክ ጊዜ የገባበት ሀገር ነው፣ ቴሌያችን በአፍሪካ አንጋፋ ከሚባሉት የቴሌኮም ተቋማት አንዱ ነው። ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም ነው፣ ያኔ በስልክ መስመር ነበር፣ ሞደሙ እየጮኸ ይደውላል፣ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ እያለ የቤቱ ስልክ ይያዛል።

ለቤት ዋይፋይ ታሪካችን ዋናው ዘመን ግን የዶንግሉ ዘመን ነው፣ ከ2000 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ያሉት ዓመታት ማለቴ ነው። ዶንግል ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ በሞባይል ኔትወርክ ኢንተርኔት የሚያስገባ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ሲዲኤምኤና ኢቪዲኦ የሚባሉት ዶንግሎች ሲመጡ ኢንተርኔት ካፌ ወረፋ መጠበቅ ለብዙ ሰው ቀረለት፣ ችግሩ አንድ ዶንግል የሚሰካው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ቤት ውስጥ ደሞ ሦስትና አራት ልጅ አለ። ያኔ የሰፈር ልጆች የተማሩት ነገር ዛሬ ኔትወርክ ኢንጂነር የሆኑትን ብዙዎቹን አፍርቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ አድሆክ የሚባለውን፣ ያለ ራውተር ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር በዋይፋይ የሚያገናኘውን፣ ከፍቶ የዶንግሉን ኮኔክሽን ሼር ማድረግ ነበር፣ ዶንግል የተሰካበት ላፕቶፕ ራሱ ራውተር ይሆናል፣ አድራሻው 192.168.0.1 ይሆናል፣ ሌሎቹ ከሱ ይጠጣሉ። ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ነገሩ ቀለለ፣ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ሁለት መስመር መጻፍ ነው፣ አንዱ የኔትወርኩን ስምና ፓስወርድ ያወጣል ሌላው ያስነሳዋል፣ ከዛ ዶንግሉ ላይ ገብቶ ሼር የሚለውን ቲክ ማድረግ፣ አድራሻው በዚህኛው 192.168.137.1 ነው የሚሆነው። መጻፍ ያስጠላው ደሞ ኮኔክቲፋይ የሚባለውን ሶፍትዌር ይጭናል። ዴስክቶፕ ዋይፋይ ስለሌለው ጥፍር የምታክል ዩኤስቢ ዋይፋይ ተገዝታ ከሲፒዩው ጀርባ ትሰካለች፣ ከጀርባ ስትሰካ የሲፒዩው ብረት ስለሚከልላት ወደፊት ማዞር ወይ በማስረዘሚያ ማውጣት ይሻላል፣ ይሄ ዛሬም ይሰራል። ዶንግሉም በዩኤስቢ ማስረዘሚያ መስኮት ላይ ይንጠለጠላል፣ ሲግናል ያለው እዛ ነዋ።

የዛ ዘመን ጉዳቱ ላፕቶፑ የማን ነው የሚለው ላይ ነበር። ታላቅ ወንድም ላፕቶፑን ይዞ ግቢ ሲሄድ የቤቱ ኔትወርክ አብሮት ይሄዳል፣ ታናናሾቹ እሱ እስኪመለስ ቁጭ ነው። ስልክ በራሱ ሆትስፖት መሆን ሲጀምር ይሄ ቀረ።

በ2003 ዓ.ም የድሮው ቴሌ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እንደ አዲስ ተቋቋመ፣ በ2007 አዲስ አበባ ላይ 4ጂ ገባ፣ ቀጥሎ የቤት ብሮድባንድ ዋጋ ሁለት ሦስቴ በደንብ ሲቀንስ ራውተር ያለበት ቤት በዛ፣ ፋይበርም ገባ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም መስከረም በይፋ ስራ ጀምሯል።

አንድ ጊዜ ግን ለብቻው መነገር አለበት። በ2012 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር፣ በዛ ላይ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ልጆች በቴሌግራም የሚላክላቸውን ትምህርት ነበር የሚያነቡት። እኛ ብሎክ ላይ ሰው ራውተሩን ነቅሎ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው፣ "ምን ይሰራል ታዲያ" ነው። እኔ የኔን አልነቀልኩም፣ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጽሐፎችን፣ ቀድሞ የወረዱ የሂሳብና የፊዚክስ ቪዲዮዎችን በአንድ ፎልደር አድርጌ ሼር አደረግኩትና ፓስወርዱን ለደረጃችን ልጆች ሰጠኋቸው። ኮሪደሩ ላይ በርጩማ አውጥተው ስልካቸው ላይ እያወረዱ ሲያነቡ አየኋቸው፣ አንድ ሜጋባይት እንኳ ከውጭ አልገባም። ዋይፋይና ኢንተርኔት ይለያያሉ ስል ይሄን ነው የምለው።

ራውተሩ የት ይቀመጥ

ከሁሉም ብዙ ችግር የሚፈታው ቦታ መቀየር ነው። እኛ ቤት ራውተር ሳሎን ነው የሚቀመጠው፣ እሱም ቡፌው ውስጥ ወይ ቲቪው ኋላ ነው፣ ምክንያቱም ገመዱ የገባው እዛ ጋ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ አንድ እናት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ፣ ልጃቸው ውስጥ ክፍል ሆኖ ኦንላይን ክላሱ ይቆራረጥበታል። ራውተሩ ቲቪው ኋላ ነው፣ አቧራ እንዳይነካው ብለው ዳንቴል አልብሰውታል፣ ዳንቴሉ ላይ ደሞ በፍሬም ያለ የምርቃት ፎቶ። ስነካው ይፋጃል። "እማማ፣ ይሄ ነገር መተንፈስ አለበት" ስላቸው "ውይ ልጄ፣ እንዲህ የሚሞቅ መሆኑን መች አወቅሁ" ብለው ወዲያው አነሱለት። በሁለት ሚስማር ኮሪደሩ በር አናት ላይ ሰቀልኩት፣ ሦስት ሜትር ገመድ ጨመርኩ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ከአንድ መስመር ወደ ሙሉ ወጣ። ዳንቴል ሲግናል አይከለክልም፣ ሙቀቱን ግን ያፍናል፣ የከለከለው ቲቪውና ግድግዳው ነው።

ግድግዳ ሁሉ እኩል አይደለም። የጭቃ ቤት በደረቁ ብዙም አያስቸግርም፣ ብሎኬት ይቀንሳል፣ ብረት ያለበት ኮንክሪት በጣም ይቀንሳል፣ ከፎቅ ፎቅ የማያልፈው ለዛ ነው፣ ቆርቆሮና ላሜራ በር ደሞ ጭራሽ ይመልሱታል። ስለዚህ ሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ ከዋናው ቤት ዋይፋይ አይጠበቅም፣ ገመድ ስባችሁ እዛ ሁለተኛ ራውተር አስቀምጡ። የመልክ ማያ መስታወትና ውሃ የሞላ ሮቶም እንቅፋት ናቸው። ማይክሮዌቭ ያለው ሰው ሲያሞቅ ዋይፋዩ ይደነቃቀፋል፣ ሁለቱም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው።

መብራት

ይሄን ቴክኒካል መጽሐፍ ላይ አታገኙትም ግን እዚህ ሀገር ዋናው ጉዳይ ነው። ራውተር አብዛኛው 12 ቮልት ነው የሚጠጣው፣ የሚያቃጥለው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልት ነው፣ መብራት ሲሄድ መንቀል ወይ ስታቢላይዘር ላይ መሰካት። እንጀራ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ዋይፋዩ የሚጠፋበት ቤት አለ፣ ሰው ምጣዱ ሲግናል የሚበጠብጥ ይመስለዋል፣ ነገሩ ምጣዱ ሲሰካ ቮልቱ ወርዶ ራውተሩ ሪስታርት እያደረገ ነው፣ ከምጣዱ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ አታድርጉት። ለራውተር የተሰሩ ትንንሽ ባትሪዎች አሉ፣ መብራት ሲሄድ ሰዓታት ያቆያሉ፣ እኔ ከሁሉ በፊት ግዙ የምለው እሱን ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ራውተር ከላከላችሁ አዳፕተሩን አንብቡ፣ ከ100 እስከ 240 ካለ ምንም አይደል፣ 120 ብቻ ካለ ግን የኛ 220 ነውና በሰከንድ ያጨሰዋል።

ማስተካከሉ

ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙና ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ጻፉ፣ የትኛው እንደሆነ ራውተሩ ሆድ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። እዛ የሚጠይቃችሁ የራውተሩ ፓስወርድ ነው፣ የዋይፋዩ አይደለም፣ ሁለቱን ሰው ያምታታል፣ ሁለቱንም ቀይሯቸው። ሴኪዩሪቲው፣ ማለትም የዋይፋዩ መቆለፊያ ዓይነት፣ ዌፕ የሚል ከሆነ አውጡት፣ እ.ኤ.አ በ2001 የተሰበረ ነው፣ ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ምረጡ። ደብሊውፒኤስ የሚለውን፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይ በአጭር ቁጥር የሚያስገባውን፣ አጥፉት።

የኔትወርኩን ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን ስሙ ከ32 ባይት አይበልጥም፣ የግዕዝ ፊደል አንዷ 3 ባይት ስለምትይዝ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም። ፓስወርዱ ግን የግድ በላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ነው፣ ርዝመቱ ከ8 እስከ 63።

2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይነካኩ የሚሰሩት ቻናሎች፣ ማለትም ራውተሩ የሚሰራባቸው የሞገድ መስመሮች፣ 1፣ 6 እና 11 ናቸው፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ስልክ ስትከፍቱ ሃያ ሰላሳ ዋይፋይ ይዘረዘራል፣ አብዛኛው አንድ ቻናል ላይ ተደራርቦ ነው፣ ኔት ይዘገያል እያለ ሰው ፓኬጅ ያሳድጋል፣ ቻናል መቀየር ግን ነጻ ነው። 12 እና 13ን አትምረጡ፣ ከአሜሪካ የመጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹ አያዩአቸውም። 5 ጊጋኸርዝ ካለ ለቅርብ ክፍል እሱ ይሻላል፣ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም።

ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ እንዲተያዩ ዊንዶውስ ላይ ኔትወርኩን "ፐብሊክ" ከሚለው ወደ "ፕራይቬት" መቀየር ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው ሼር አርጌው አይታይም የሚለው እዚህ ጋ ነው። ሆምግሩፕ የሚባለውን አትፈልጉ፣ እ.ኤ.አ በ2018 ከዊንዶውስ 10 ወጥቷል፣ ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሼር በሉት። ፕሪንተር ዋይፋይ ባይኖረው እንኳ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሼር ሲደረግ ሁሉም ያትሙበታል፣ የተሰካበት ኮምፒውተር ግን በርቶ መሆን አለበት።

ሲበላሽ መጀመሪያ መብራቶቹን ማየት ነው። ፋይበር ከሆነ ሎስ የሚለው ቀይ ከበራ ችግሩ ከውጭ ነው፣ ቀጭኑ ክር ታጥፎ ወይ ተቆርጦ ይሆናል፣ ወንበር እግር ስር የገባ ብዙ አይቻለሁ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሴቲንግ መነካካት ዋጋ የለውም። በስልክ መስመር ከሆነ ዲኤስኤል የሚለው ካልረጋ መስመሩ ነው። እነዚህ ደህና ሆነው 192.168.1.1 ካልከፈተ ግን ችግሩ እናንተው ጋ ነው። ሪሴት ቀዳዳውን በመርፌ መጫን የመጨረሻው ነገር ይሁን፣ የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድም አብሮ ስለሚጠፋ መልሶ ለመሙላት ድርጅቱ ጋ መደወል ይመጣል፣ እሱን ውሉ ላይ ጽፎ መያዝ ነው።

ጎረቤት ተዋጥቶ አንድ መስመር መጠቀም የተለመደ ነው፣ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ውሉ ላይ ነው የሚታየው። የምታካፍሉ ከሆነ ግን "ጌስት" የሚለውን ኔትወርክ ክፈቱላቸው፣ በሱ የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል፣ የቤታችሁን ፎልደርና ፕሪንተር አያይም፣ ተከራይ ሲወጣም የሱን ፓስወርድ ብቻ ቀይራችሁ የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ እንደ አዲስ ማስገባት አይኖርባችሁም።