አርቦር ሎው፦ የተጋደሙት ድንጋዮች

አርቦር ሎው እንግሊዝ አገር፣ ደርቢሻየር ውስጥ የሚገኝ ጥንታዊ ስፍራ ነው። ዙሪያው ፒክ ዲስትሪክት የሚባለው ኮረብታማ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በቆሙ ግዙፍ ድንጋዮቹ የታወቀውን የእንግሊዝ ጥንታዊ ስፍራ ስቶንሄንጅን ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ ግር ይለዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ የለማ! 50 ገደማ የኖራ ድንጋዮች ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተጋድመዋል።

"ሎው" ሲባል ዝቅ ያለ ቦታ ይመስላል። ግን ቃሉ የድሮ እንግሊዝኛ ነው፣ ትርጉሙም ጉብታ። ቦታው እንዲያውም ከባሕር ጠለል በላይ 370 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ነፋሱም አይጣል ነው።

ስፍራውን ሄንጅ (የጥንት ክብ ግንባታ ዓይነት) ያሰኘው ድንጋዩ ሳይሆን ቦዩ ነው። ክብ ቦይ ይቆፈርና የወጣው አፈር በውጭ በኩል ይከመራል። ለምሽግ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ቦዩ ከውጭ፣ ክምሩ ከውስጥ። ስለዚህ ብዙ አርኪዮሎጂስቶች የመሰብሰቢያና የሥርዓት ቦታ ነበር ይላሉ። የአርቦር ሎው ክምር ከዳር እስከ ዳር 90 ሜትር ገደማ ነው። ከ4,000 ዓመት በላይ ዝናብ ወርዶበትም ዛሬ 2 ሜትር ያህል ይቆማል። ቦዩ የተፈለፈለው ከዐለት ላይ ነው፤ ያውም ብረት ባልነበረበት ዘመን።

ድንጋዮቹ መጀመሪያውኑ ቆመው ነበር ወይ? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ አጥኚዎች ድንጋዮቹ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ስለተተከሉ ወደቁ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሰው ሆን ብሎ ጣላቸው ባይ ናቸው። አርኪዮሎጂስቱ ሃሮልድ ሴንት ጆርጅ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1901 እና በ1902 ሲቆፍር ከክቡ መሐል አካባቢ የሰው አፅም አገኘ። የድንጋዮቹን ጥያቄ ግን አልፈታውም። ለእኔ የቆሙ ነበሩ የሚለው ያመዝናል፤ ያን ሁሉ ዐለት የፈለፈለ ሕዝብ ድንጋይ አስተኝቶ ይሄዳል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ብሪታንያ የመጀመሪያውን የጥንታዊ ቅርሶች ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1882 ስታወጣ አርቦር ሎው ከተዘረዘሩት ስፍራዎች አንዱ ነበር። አጥርና የጎብኚ አዳራሽ ግን አትጠብቁ። መንገዱ በገበሬ ግቢ ያልፋል፤ ለማለፊያም 1 ፓውንድ ሊጠየቅ ይችላል። ጥቂት ራቅ ብሎ ጊብ ሂል የሚባል የመቃብር ጉብታ አለ። እስከዚያ ሄዳችሁ ዞር ብትሉ ክቡ ወለል ብሎ ይታያል።