አሮጌ ባለቱርቦ መኪና ለሚገዛ ሰው፦ የሚወራውና እውነታው

ዕድሜ ጠገብ ባለቱርቦ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው አማካሪ አያጣም። አንዱ «ቱርቦው ያከስርሃል» ይለዋል፣ ሌላው «ጭስ ካየህ ሽሽ» ይለዋል፣ ሦስተኛው ኪሎ ሜትሩን ብቻ አንብቦ ይፈርዳል። ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ ገዢውን ከደኅናው መኪና አስሽተው ወደ መጥፎው የሚመሩ ናቸው።

«የሚያስፈራው ቱርቦው ነው»

ቱርቦ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያጭቅ፣ ተፈትቶ የሚታደስ ወይም የሚቀየር ዕቃ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ዝገት የበላው ላሜራና ካምቢዮ ነው። ሳብ 900 ቱርቦን ብንወስድ ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ደካማ ጎኑ ከሞተሩ ሥር የተቀመጠው ካምቢዮ ነው። ስለዚህ ኮፈኑን ከመክፈት በፊት ጎንበስ ብሎ የበሩን ሥር፣ የጎማውን ጉድጓድና ከምንጣፉ በታች ያለውን ወለል ማየት ይቀድማል። ትንሽ ማግኔት በኪስ መያዝም አይከፋም፤ በወፍራም ስቱኮ የተደፈነ ቦታ ላይ አይጣበቅም።

«ዘንጉ ከተነቃነቀ አልቆለታል»

ብዙ ገዢ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ፈትቶ የቱርቦውን ዘንግ በሁለት ጣቱ ይነቀንቃል፤ ትንሽ ሲላወስበት ፊቱ ይጠቁራል። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችል ሲሆን፣ በአብዛኞቹ አሮጌ ቱርቦዎች ላይ የተደገፈው በኩሽኔታ ሳይሆን በስስ የዘይት ሽፋን ላይ በሚንሳፈፍ ብሮንዚን (የነሐስ ቀለበት) ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ያ ዘይት ይወርዳል፤ ወደ ጎን ጥቂት መላወሱ የተፈጥሮው ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዘንጉን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ሲያዞሩት ጫፉ ላይ ያሉት ክንፎች የቱርቦውን ግድግዳ ከነኩ፣ ግድግዳው ላይም የተፋቀ፣ የሚያብረቀርቅ መስመር ካዩ ችግር አለ። ወደ ውስጥ ሲገፉትና ወደ ውጭ ሲስቡት ለእጅ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ካለውም እንዲሁ። በመጨረሻ የክንፎቹን ጫፍ በጥፍር ይዳስሱ። ከተሸራረፉ ቱርቦው ባዕድ ነገር ውጧል፤ ያኔ ቁራጩ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው።

«ሰማያዊ ጭስ የቱርቦ ሞት ነው»

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ዘይቱ በየት በኩል እንደገባ ግን አይናገርም። ያረጀ የቫልቭ ጎሚኒ፣ የተበላ የፒስተን ቀለበት ወይም የተደፈነ የሞተር መተንፈሻ ሊሆን ይችላል። ዘይት ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚመለስበት ቱቦ ከተዘጋ ደግሞ ጤነኛ ቱርቦም ዘይት ይተፋል። በግምት ከመፍረድ ካንዴላዎቹን አስፈትቶ የሲሊንደሮቹን ግፊት ማስለካት ይሻላል። ሞተሩ ሞቆ ሲለካ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ ብዙም ያልዘለለ ልዩነት ደኅና ምልክት ነው።

«ሞተሩን አሙቆ የጠበቀኝ ሻጭ ሰው አክባሪ ነው»

እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ሰላምታ ስንለዋወጥ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳርፌ ትኩስ ሆኖ አገኘሁት፤ በማግሥቱ ማለዳ ተመልሼ ያደረውን ሞተር ሳስነሣው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፁ ጠፋ። የጭስ ማውጫው ብረት ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) አጠገብ ተሰንጥቆ ነበር፤ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ስንጥቁ ይገጥምና ዝም ይላል። በባለቱርቦ መኪና ላይ ይህ ብረት ከባድ ሙቀት ስለሚያርፍበት መሰንጠቁ ብርቅ አይደለም። ያደረ ሞተር የሚለውን የሞቀ ሞተር አይለውም።

«ጉልበቱ መጨመሩ ትርፍ ነው»

የቱርቦውን ግፊት ከፍ ማድረግ ቀላል ነው፤ አንዳንዴ አንዲት ቱቦ መንቀል ይበቃል። በጨመሩት ግፊት ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ሞተሩ ሲንኳኳ ግን ፒስተኑ ይሰበራል ወይም ይቀልጣል። ሳብ እ.ኤ.አ. በ1982 ይህን መንኳኳት ሰምቶ ግፊቱን በራሱ የሚቀንስ መሣሪያ ያስተዋወቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ የቀደሙ መኪኖች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም። በሙከራው ላይ የግፊት መለኪያው ቀስት ቀዩ ውስጥ ከገባ ዋጋ መቀነስ እንጂ መጨመር የለበትም።

«ቀስ ብሎ ከተነሣ ታሟል»

አልታመመም፣ አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ የቀረበው ፖርሽ 911 ቱርቦ 260 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም ነዳጅ ከሰጡት በኋላ ለአፍታ ያስጠብቃል፤ ከዚያ ጀርባን ከወንበር ያጣብቃል። የአዲስ መኪና ቅልጥፍና የሚፈልግ አዲስ ይግዛ።

«ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ከሆነ አይቆጭም»

ለዓመታት የቆመ መኪና ጎሚኒው ይደርቃል፣ ሳልባትዮው (የነዳጅ ጋኑ) ይዝጋል፣ ቱቦዎቹ ይሰነጣጠቃሉ። ጎማው ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2309 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ መኪናው ስንት ዓመት እንደተረሳ ፍንጭ ይሰጣል።

ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ስለ ዘይቱ ይጠይቁ። በዘይት ብቻ የሚቀዘቅዙት የቀድሞ ቱርቦዎች በጥድፊያ ተነድተው ወዲያው ሲጠፉ ውስጣቸው የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል፤ የዘይቱን መንገድም ይደፍናል። በውኃ የሚቀዘቅዘው ዓይነት ኋላ የመጣው ይህን ለማቃለል ነው። እኔ ሻጩን ሳልከሰው፣ እንደ ዋዛ «ከረጅም መንገድ ሲመለሱ እንዴት ነው የሚያጠፉት?» እላለሁ። «ቁልፉን አዙሬ ነዋ!» ካለኝ ቱርቦው የሚታደስበትን ሒሳብ ከዋጋው ላይ እቀንሳለሁ። «አንድ ሁለት ደቂቃ ሞተሩን ሳላጠፋ አቆየዋለሁ» ካለኝ ደግሞ ዘይት የቀየረበትን ደረሰኝ እንዲያሳየኝ እለምነዋለሁ።