የፖድካስት የይዘት ደረጃ አሰጣጥ

የይዘት ደረጃ፣ አንድ ዝግጅት ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ አድማጭ ወይም ወላጅ ከመክፈቱ በፊት የሚያውቅበት ምልክት ነው። በአሜሪካ ፊልሞች ዛሬ የሚሠራበትን ሥርዓት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1968፣ የቪዲዮ ጨዋታዎች በ1994 ነው። የፖድካስት ድርሻ ከሁሉም የሳሳ ሆኗል። አፕል በ2005 ፖድካስትን አይቲዩንስ ወደተባለው የሙዚቃ መተግበሪያው ሲያስገባ ያበጀው ምልክት ለልጆች የማይሆን ነገር አለ ወይስ የለም ከማለት አያልፍም። መልሱን የሚሰጠው አዘጋጁ ራሱ ነው፤ የዝግጅቱን ክፍሎች በሚዘረዝረው የአርኤስኤስ ፋይል ውስጥ ተጽፎም ወደ ማዳመጫ መተግበሪያዎች ይሄዳል።

ምልክቱ በተግባር የስድብ መቁጠሪያ ወደ መሆን አዘንብሏል። ተራኪ በለሰለሰ ድምፅ፣ አንድም ጸያፍ ቃል ሳይወጣው የግድያን ዝርዝር ለአንድ ሰዓት አውርቶ ምልክቱን ሊያመልጥ ይችላል፤ ስለ ሐዘን የሚያወያይ ጨዋ ዝግጅት ግን እንግዳውን በምሬት ባመለጠችው አንዲት ቃል ይፈረጃል። ስለዚህ ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ጭምር የሚናገር ደረጃ ይሻላል፦ ዓመፅ፣ ወሲብ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ራስን ማጥፋት፣ ጸያፍ ንግግር። ደረጃው ለየክፍሉ መሰጠት አለበት፤ በአንድ ክፍል ምክንያት መቶው ከተፈረጀ ምልክቱን የሚያምነው አይኖርም።

ድምፅ የራሱ ጠባይ አለው። አድማጩ መኪና እየነዳ ወይም ዕቃ እያጠበ ስለሆነ በስክሪን ላይ ያለውን ምልክት አያይም፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ግን ሁሉንም ይሰማል። ማስጠንቀቂያው በአፍ የሚነገርና ከባዱ ክፍል ከስንተኛው ደቂቃ እንደሚጀምር የሚጠቁም ቢሆን ይበጃል።

ሁሉን የሚያዳምጥ ቦርድ ማቋቋም አይቻልም። የኔዘርላንድሱ የፊልምና የቴሌቪዥን ደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት «ካይክዋይዘር» ከ2001 ጀምሮ የሚሠራበት መንገድ የተሻለ አርአያ ነው፤ አቅራቢው መጠይቅ ይሞላል፣ ዕድሜውንና ምክንያቱን ሥርዓቱ ያወጣል። ችግሩ እውነት መናገር ዋጋ ማስከፈሉ ነው፤ አፕል በአንዳንድ አገሮች ምልክቱ ያለባቸውን ዝግጅቶች አያቀርብም። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሶፍትዌር ውሸታሙን ሊያጋልጥ ይችላል፤ የታሪክ ምሁር የጠቀሰውን ስድብ ከተሳዳቢው መለየት ግን ይቸግረዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያዎች አሁን በየአድማጩ እየተመረጡ በኋላ ስለሚገቡ፣ አዘጋጁ ደረጃ ሲሰጥ አልሰማቸውም። ደረጃው እስከ ማስታወቂያው ካልዘለቀ በልጆች ተረት መሐል የወንጀል ዝግጅት ማስተዋወቂያ ሊገባ ይችላል።